የእትዬ አስካለ እምቢታ

ሰኞ

እትዬ አስካለ አይሆንም አሉ።

ተቆጥተው አይደለም። ፈገግ ብለው፣ የሶፋውን ትራስ እያስተካከሉ ነው ያሉት። «አይ የኔ ልጅ፣ እኔ ደግሞ ምን የማወራው አለኝ? የተማሩት ይናገሩ እንጂ።» እኔም «እሺ እትዬ፣ ውሳኔዎን አከብራለሁ» ብዬ ብድግ አልኩ። ትናንት እሁድ ነው ይሄ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው። ስወጣ እንደ ሌላው ጊዜ ሊፍቱ ድረስ አልሸኙኝም። ደክሟቸው ይሆናል።

እሺ፣ መረጋጋት። የተማሪዎች ሬዲዮአችን በየሴሚስተሩ አንድ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዝግጅት ያዘጋጃል። የዘንድሮው ስለ አካባቢያችን ታሪክ ነው፤ ተከራዮች እንዴት ተባብረው ለመብታቸው እንደቆሙ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ። ይቀዳል፣ ከዚያ በሬዲዮ ይተላለፋል። መድረኩን የምመራው እኔ ነኝ። እኔ! አዲስ አበባ እያለሁ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ።

ላንግሊ ፓርክ የሚባለውን ሰፈር ታሪክ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ያኔ ገና አልመጣሁም፤ ከእማዬ ነው የሰማሁት። በዚያ ሁሉ ብርድ የአንድ ትልቅ አፓርታማ ማሞቂያ ይበላሻል። አስተዳደሩ ዛሬ ነገ ይላል። እትዬ አስካለ ከአንዲት የኤልሳልቫዶር ሰው ጎረቤታቸው ጋር በር ለበር ዞረው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ሰዉን ሁሉ ሰብስበው፣ የሕንፃው ቢሮ ውስጥ አስገብተው አስቀመጡት። ቢሮው ይሞቅ ነበራ! «ቤታችን እስኪሞቅ እዚህ ነን» ብለው ቁጭ። ልጆች የቤት ሥራቸውን እዚያው ሠሩ። ድስት ሳይቀር ገባ። ማሞቂያው ተሠራ።

ይሄን ለጄና ስነግራት ከወንበሯ ነበር የተነሳችው። ጄና የፕሮግራሙ ፕሮዲዩሰር ናት፣ አብረን ነው የምንማረው። ዛሬ እትዬ አስካለ እምቢ አሉ ስላት ግን ብዙም አልደነገጠችም። «አለመጫንሽ ጥሩ ነው፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለች። ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የተማርነው ነገር ነው፤ ሰው አልፈልግም ካለ አይፈልግም፣ ማይክ ይዛችሁ አታሳዱት። ጎበዝ ተማሪ ነኝ።

ሌላ ሰውም ተገኘ። ጋሽ ፍቅሩ። እዚያው ሕንፃ ይኖሩ ነበር፣ ለአስተዳደሩ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ እሺ አሉ። ፖስተሩ ማታውኑ ወጣ፣ ፎቷቸው ከነከረባታቸው።

የሚያስጨንቁኝ፦ አፌ እንዳይተሳሰር። ሰው እንዳይቀር። ሰው እንዳይበዛ። ጋሽ ፍቅሩ አንዴ ማይክ ከያዙ ማን እንደሚያስለቅቃቸው።


ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

እማዬ ከሥራ ገብታ (የትምህርት ቤት ባስ ነው የምትነዳው) ድንች እየላጠች «ቅዳሜ እትዬ አስካለን ስንት ሰዓት ልውሰዳቸው?» አለችኝ። እምቢ አሉኮ አልኳት።

«ስንት ጊዜ ለመንሻቸው?»

«ምን ማለት ነው ስንት ጊዜ? ጠየቅኳቸው፣ አይሆንም አሉ።»

«አንዴ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እናቴ ቢላዋ ስታስቀምጥ ነገር አለ።

«ትልቅ ሰው አንዴ ሲጠየቅ እሺ ይላል እንዴ? ‹ለማውራት ቋምጣ ነበር› እንዲባሉ ነው? ሰው ይለመናል ህይወት! እምቢ ሲሉሽ ‹ኧረ እትዬ እባክዎ፣ ያለ እርስዎ እኮ አይሆንም› ትያለሽ፤ ደግመው እምቢ ይላሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ትወድቂያለሽ፤ ከዚያ ‹በይ እንግዲህ ካስቸገርሽኝ› ይላሉ። ይሄን እኔ ነኝ የማስተምርሽ?»

ለካ ባለፈው ሳምንት ደውለውላት ነበር። «ልጅሽ ልታስቸግረኝ ነው መሰለኝ» ብለው። ድምፃቸው ሠርግ የተጠራ ሰው ድምፅ ነበር አለች። ቡናማ ቀሚሳቸውን ድራይ ክሊን አሰጥተዋል። ለዳዊት፣ ለልጃቸው፣ ቅዳሜ ሥራ እንዳይገባ ነግረውታል።

ከዚያ ፖስተሩን አሳየኋት። ምነው ባላሳየኋት።

«ከሰው ሁሉ ፍቅሩን?»

ጋሽ ፍቅሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ያንን ታሪክ በየክርስትናው በየለቅሶው ያወሩታል፣ ባወሩት ቁጥር ደብዳቤያቸው ይረዝማል፣ እትዬ አስካለ ያጥራሉ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ዝም ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። እማዬ ናት የነገረችኝ። አሁን እኔ ደግሞ ያንኑ በፖስተር አደረግኩላቸው።

እማዬ ዲቪ ደርሷት ስትመጣ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለ ናቸው አውቀዋትም ሳይሆን፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተዋት፣ ሳሎናቸው ውስጥ አልጋ ዘርግተው ያኖሯት። እኔ እስክመጣ ድረስ በፎቶ ነበር የሚያውቁኝ። «እሳቸውን ካስቀየምሽ እኔን ነው ያስቀየምሽው» አለችኝ እማዬ። ሳትጮህ ነው ያለችው፣ ያ ነው የባሰው።

ስልኳን አንስታ ደወለች። አላነሱም። እንደገና ደወለች። እትዬ አስካለ የእማዬን ስልክ ሳያነሱ ቀርተው አያውቁም።


ረቡዕ

አሁንም አላነሱም። እኔም ደወልኩ። ቮይስ ሜይል ላይ «እትዬ ህይወት ነኝ» ብዬ ቀጥሎ ምን እንደምል ጠፋኝና ዘጋሁት። ተመልሼ ደወልኩና «ቅድም የደወልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጎበዝ።

ከጄና ጋር ተጨቃጨቅኩ። ተመልሼ ልለምናቸው ነው ስላት ፊቷ ተለወጠ። «አንዴ አይሆንም ብለዋል። አሁን ሄደሽ መለመን ማስገደድ ነው። ደግሞ ትልቅ ሴት ናቸው።» አይደለም፣ እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢ መልስ አይደለም፣ በር ነው አልኳት። «እና እውነተኛውን እምቢ እንዴት ታውቂዋለሽ?» አለች።

ይታወቃል አልኳት። እንዴት ስትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።

እነሱ ቤት መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ትዝ አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ገና አዲስ ነበርኩ። የጄና እናት ላዛኛ አውጥታ «ትበያለሽ?» አለችኝ። ጠግቤያለሁ አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም ነበር። «ኦኬ» ብላ ሳህኑን ወደሌላው አዞረች። በቃ። ዓይኔ እያየ ሄደ። እየተርበተበትኩ ሲደግሙኝ እጠብቃለሁ፣ እነሱ ይበላሉ። ያን ቀን ለእማዬ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች፤ ዛሬ ለጄና ስነግራት ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ለምን እፈልጋለሁ አላልሽም?» አለች፣ ከልቧ አዝና። ምን ይባላል እንግዲህ።

የተስማማንበት፦ እትዬ አስካለ ከመጡ መጨረሻ ላይ ከታዳሚው ጋር ማይክ ይሰጣቸዋል። እንደ ማንኛውም ጠያቂ። ለእማዬ ይሄን አልነግራትም፣ ትገድለኛለች።

ጋሽ ፍቅሩ ደውለው ስላይድ ማቅረብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ።


ሐሙስ፣ ከላንድማርክ ስመለስ ባስ ውስጥ

ባሱ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ጽሕፈቴ አይነበብም ይሆናል።

ክላስ ዘልዬ ሄድኩ። ባቡር ቀይሬ፣ ከባቡር ወደ ባስ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

«እርስዎ ማን ነበሩ?»

እርስዎ! ለእኔ! መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ህይወት ነኝ እትዬ» አልኩ እንደ ሞኝ።

«አሃ፣ የዩኒቨርሲቲዋ እመቤት። ይግቡ፣ ይግቡ፣ በር ላይ አይቁሙ።»

ገባሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅኩም አልኩ። «ምን ያጠፉት ነገር አለ?» ብለው ወደ ኩሽና ሄዱ። ፓስታ በስጎ ይዘው መጡ። በልቻለሁ አልኩ። «በሞቴ!» አሉ፤ ተቀይመውም በሞቴ ይላሉ። በላሁ። ሁለተኛው ሳህን ላይ አንቺ ሆንኩ። ልቤ መለስ አለ።

ከዚያ ጀመርኩ። እማዬ እንዳስተማረችኝ።

«እትዬ፣ ያለ እርስዎ እኮ አይሆንም።»

«ፍቅሩ አለ አይደል? ይበቃችኋል።»

«ጋሽ ፍቅሩ ደብዳቤውን ነው የሚያውቁት። ሰዉን ያስነሱት እርስዎ ነዎት።»

ይሄኔ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረጃ አልወጣም።» ደረጃ የለውም አልኩ። «እንግሊዝኛዬ ለሰው ፊት አይሆንም።» እኔ አስተረጉማለሁ አልኩ። ጥሩ እየሄደ ነበር፣ እንደ ጨዋታ እየሆነልኝ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «በእናቴ ይዤዎታለሁ እትዬ።»

እጄን ከጉልበታቸው ላይ አነሱት። ቀስ ብለው ነው ያነሱት።

«ተይኝ በቃ፣ አስቴር።»

አስቴር እናቴ ናት። ቅድምም ፓስታው ላይ አንዴ አስቴር ብለውኝ ነበር፣ ልብ አላልኩትም። ዓይናቸው እኔን አያይም፤ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል።   ቦርሳዬን አንስቼ ተሰነባበትን፤ ስለ ቅዳሜ ምንም አልተባለም።

ዳዊት ከክፍሉ ወጥቶ ሊፍቱ ጋ ተከትሎኝ መጣ። እዚህ ነው ያደገው፣ አማርኛው እንደፈለገው ይሄዳል። «ሊስን ህይወት፣ ማሚ ፎርጌት ታደርጋለች። ስም፣ መንገድ፣ ምናምን። ባለፈው ስቶቭ ኦን አድርጋ ወጣች። ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ይዤላታለሁ። ፕሊስ ፑሽ አታድርጊያት፣ እናትሽም እንዳታውቅ፣ ማሚ በሼም ትሞታለች።»

እና አሁን ያ የእሁዱ እምቢ የትኛው ነበር? ልለመን ማለት ነበር ወይስ ፈርቻለሁ ማለት? ቀሚሱንስ ለምን ድራይ ክሊን አሰጡት? ሁለቱም ሊሆን ይችላል እንዴ?

ፌርማታዬን አልፌዋለሁ።


ዓርብ

ለእማዬ ምን እላታለሁ?

«ለመንሻቸው?» ለመንኳቸው። «እና?» እምቢ አሉ። ፊቷ በራ። «ጥሩ፣ እንደ ሊጥ ለስልሰዋል በቃ። የቀረውን ለእኔ ተዪው» አለች። ቅዳሜ በመኪናዋ ልታመጣቸው ነው፤ «ለመስማት ብቻ ነው የምንሄደው» ብላ። ከዚያ የሚያውቋቸው ሴቶች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሆነው እንዲለምኗቸው ተነጋግራለች። ስልክ በስልክ። የእናቴ ድምፅ እንደዚህ ደስ ብሎት ከሰማሁ ቆይቻለሁ። «ያኔ እሳቸው እንዳስከበሩኝ አሁን እኔ አስከብራቸዋለሁ» አለችኝ።

እናም ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይነሳሉ፣ ማይክ ይይዛሉ፣ መሐል ላይ ነገሩ ይጠፋቸዋል። ሬዲዮው እየቀዳ። ተማሪዎቹ በስልካቸው እየቀረጹ። አንዴ ባለመለመን አዋረድኳቸው፣ አሁን ደግሞ በመለመን ልናዋርዳቸው ነው። ለእማዬ ብነግራት የዳዊትን አደራ በላሁ፤ ባልነግራት ራሷ እጃቸውን ይዛ ወደ ገደሉ ትወስዳቸዋለች። 

ለጋሽ ፍቅሩ ደወልኩ። ቢያንስ የእትዬ አስካለን ስም እንዲጠሩ ልለምን። «እኔ አስካለን ረስቼ አውቃለሁ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አስካለ አይናገሩም እንዴ?» አሉ። ፖስተሩን ሲያዩ እትዬ አስካለ ያሉበት ሌላ ፖስተርም ያለ መስሏቸው ነበር። አይናገሩም አልኩ። «እንደሱ ከሆነ...» ብለው አልጨረሱትም።

እንግሊዝኛ መግቢያዬን መስታወት ፊት አነበብኩት። «ዌልካም» የሚለው ላይ ብቻ አልተደናቀፍኩም።


ቅዳሜ፣ ከመጀመሩ በፊት

አዳራሹ እየሞላ ነው። ግማሹ ተማሪ፣ ግማሹ የእኛ ሰው፤ ከፌርፋክስ ድረስ የመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ተማሪዎቹ በር በሩን።

እማዬ ገባች። ክንዷን ይዘው እትዬ አስካለ። ቡናማው ቀሚስ። ሰዉ ተነሳላቸው፣ ጄና ምን ተፈጠረ ብላ እሷም ተነሳች። የፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ተቀመጡ። ዳዊት ከግድግዳው ጋር ቆሟል፣ አይስቅም።

እግዚአብሔር ያውቃል። ሄድኩ።


እሁድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። በዝርዝር ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

መግቢያዬን አነበብኩ፣ አልሞትኩም። አንድ የታሪክ ተማሪ ስለ አካባቢው አፓርታማዎች ተናገረች። ቀጥሎ ጋሽ ፍቅሩ። «በዚያ ክረምት እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ...» ብለው ጀመሩ፣ በሚያምር እንግሊዝኛ። ዓይናቸው የፊተኛው ረድፍ ላይ አረፈ። ቆሙ። ውሃ ጠጡ። ከዚያ በአማርኛ፦

«ይቅርታ አድርጉልኝ። አስካለ እዚህ ተቀምጠው እኔ ይሄን አላወራም። ነውር ነው።»

ከመድረኩ ወረዱና እትዬ አስካለ ፊት ጎንበስ ብለው ቆሙ። አዳራሹ የጠበቀው ይሄንን ነበር፤ ከየአቅጣጫው «ኧረ እባክዎ እትዬ!» «በሞቴ እናቴ!» ሆነ። የእማዬ ጓደኞች ከሁሉም በላይ። እትዬ አስካለ በእጃቸው እምቢ እምቢ ይላሉ። ይስቃሉም። ግን እጃቸው ቀሚሳቸውን ጨምድዶ ይዟል።

ጆሮዬ ውስጥ ባለው ማዳመጫ ጄና «አይሆንም ብለዋል ህይወት፣ ቀጥዪ፣ ፕሊስ ቀጥዪ» ትለኛለች። እማዬ በዓይኗ በይ ቶሎ ትለኛለች። ዳዊት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ማይክ ይዤ መሐል ቆሜያለሁ። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። በሕይወቴ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ላለቅስ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ማይኩን አጠፋሁት። ማዳመጫውን አወጣሁ። ወርጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ፣ በጆሯቸው።

«እትዬ፣ የእውነት እምቢ ካሉኝ ማንም እንዳይነካዎት አደርጋለሁ። ወደ ሌላ ፕሮግራም እንሄዳለን። ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።»

አዩኝ። በደንብ አዩኝ።

«ስም ይጠፋኛል፣ ህይወት።» ህይወት አሉኝ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቢጠፋኝስ?»

«እኔ አጠገብዎ እሆናለሁ።»

«አንቺ ያኔ የለሽ፣ በምን ታውቂዋለሽ?»

እውነታቸውን ነው። «አላውቀውም» አልኩ። «አብረን እንፈልገዋለን።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ ለአዳራሹ፣ «በሉ እንግዲህ ካስቸገራችሁኝ!» አሉ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። ለእኔ ደግሞ በቀስታ፣ «እጄን ያዢኝ።»

ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ እጄ ማይክ አንድ እጄ የእሳቸውን እጅ ይዞ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስተረጎምኩ። እና እንዴት ያወራሉ! ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ወንበሩ ላይ ሕፃን ተኝቶ ማግኘቱን። ሕፃኑን እንዳይቀሰቅስ ቆሞ ስልክ ማውራቱን። እንግሊዝኛው ደርሷቸው ተማሪዎቹ ሲስቁ እሳቸው ደግመው ይስቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ምስር ወጥ፣ ከጎኑ የጎረቤቶቹ ባቄላ፣ ማን የማንን እንደበላ አይታወቅም። ጄና በሩ አጠገብ ቆማ አፏን ይዛለች።

ከዚያ። «በር ለበር የዞርነው ሁለታችን ነን። እኔ ስፓኒሽ አላውቅ፣ እሷ አማርኛ አታውቅ። ያቺ ጎረቤቴ... ያቺ...»

ጠፋ።

እጄን አጠበቁት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ገባው። እማዬን አየኋት። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት፤ እዚያው ተረዳችው። ዳዊት ከግድግዳው ተላቀቀ። ምን ልበል? ማይኩን ላንሳ? ላመስግን? «አብረን እንፈልገዋለን» ያልኩት እኔ አልነበርኩም? ዝም ብዬ ያዝኳቸው። ምንም አልፈለግኩም፣ ያዝኳቸው ብቻ።

ጋሽ ፍቅሩ ከፊት ረድፍ «እኔም ጠፋኝ አስካለ» አሉ።

እትዬ አስካለ ወደ እሳቸው ዞሩ። ሳቅ አሉ። «አንተማ የጻፍከውንም ረስተሃል!» አዳራሹ ፈረሰ። ከዚያ ቀና አሉ። «ስሟ ይምጣም አይምጣ፣ የመጀመሪያውን በር ያንኳኳችው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ይሄን ጻፉልኝ።»

እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ምንም አልጠፋቸውም። ወይም ጠፍቷቸው እኔ አላወቅኩም።

ስንወጣ ጋሽ ፍቅሩን ጠየቅኳቸው፣ የምር ጠፍቶዎት ነው ወይስ ለእሳቸው ብለው? ኮታቸውን ቆለፉ። «የምሬን ነው። ያኔም አላውቀውም፤ ሰላም አልላትም ነበር» አሉኝና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

 እትዬ አስካለን ላንድማርክ አድርሰን ስንመለስ እማዬ መኪና ውስጥ «ታውቂ ነበር?» አለች። አዎ አልኩ። መሪውን ይዛ አለቀሰች። እኔም። ከዚያ «እንኳንም አልነገርሽኝ፣ ብትነግሪኝ አልለምናቸውም ነበር፤ ሳይለመኑ ደግሞ አይናገሩም ነበር» አለች። 


ሰኞ

ጠዋት ክላስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ። እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ማርታ! ማርታ ነው ስሟ! አሁን ጥርሴን ስፋቅ መጣልኝ። ጻፊው!»

ጻፍኩት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ።

ምሳ ሰዓት እንደገና። «ማርታ ያልኩሽን ተዪው። ግሎሪያ ናት። ማርታ ሌላ ናት፣ ታች ፎቅ የነበረችው።» ድምፃቸው ያው ነው፣ በደስታ የሞላ። እሺ እትዬ፣ ግሎሪያ፣ ጻፍኩት አልኩ። በዚህኛው አልዘለልኩም።

ዳዊት ቴክስት አደረገ፤ ሐኪሙ ጋ ረቡዕ ይሄዳሉ። እማዬም አብራ ልትሄድ ፈቃድ ጠይቃለች። ዳዊት መጀመሪያ አያስፈልግም ብሎ ነበር፤ እማዬን መቼም አንድ እምቢ አያቆማትም።

ከሰዓት ከጄና ጋር ቅጂውን ሰማነው። ያ ዝምታ ሲመጣ ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየን። በጣም ረጅም ነው። ከእኔ ትንፋሽ በቀር ምንም አይሰማም። «ይቆረጥ?» አለች ጄና። አይቆረጥ አልኩ፤ ከተቆረጠ ቀጥሎ የሚሉት ምኑም አይገባም። ጄና ቆይታ «እሳቸውስ? ያንን ዝምታ ሰው እንዲሰማው ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ረቡዕ ዕለት ያልመለስኩላት ጥያቄም ልክ ነበር፤ እውነተኛው እምቢ እንዴት እንደሚታወቅ አሁንም አላውቅም።

ስለዚህ ደወልኩላቸው። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ስሟ የጠፋዎት ቦታ ቅጂው ላይ አለ፣ እንዳለ ቢተላለፍ ይሆናል? በሬዲዮ ብዙ ሰው ይሰማዋል።

«አይሆንም» አሉ።

ያው ቃል። ፈገግታ እንዳለው እንደሌለው በስልክ አይታይ። አፌን ከፈትኩ፣ «ኧረ እትዬ» ልል፣ ዘጋሁት። «እሺ፣ አከብራለሁ» ልል፣ እሱንም ዘጋሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ወዲያ ማዶ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።  ጄና ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ በእጇ ምን አሉ ትለኛለች፣ እኔ አላውቅም እላታለሁ።

«ህይወት?» አሉ።

«አቤት እትዬ።»

«ምነው ዝም አልሽ? እንዲህ በስልክ ነው እንዴ ሰው የሚለመነው? ነዪና እዚህ ለምኚኝ እንጂ።»

ነገ ክላስ አለኝ። ዘልዬ ላንድማርክ እሄዳለሁ።